አባትን መጻፍ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች የመጡት ስለ አባታቸው የትዝታ መጽሐፍ ለመጻፍ ካሰቡ፣ ጀምረውም ከተቸገሩ ወንዶች ልጆች ነው። ስማቸውን ትተን ሰፈራቸውን ብቻ አስቀርተናል፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል።

«አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ከኮምቦልቻ አሰብ ተሳቢ ይነዳ ነበር። ልጅ ሳለን ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያድርም አይናገርም። አሁን ታሪኩን ልቅዳ ስለው ‹ምን የሚወራ አለ› ይለኛል። እንዴት ላናግረው?» (ከኮምቦልቻ)

መጽሐፍ ልትጽፍ እንደሆነ አስቀድመህ ንገረው። ስልክ ደብቆ መቅዳት ብዙዎችን ይፈትናል። ኋላ ሲታወቅ ግን አባትየው የሚዘጋው የራሱን አፍ ብቻ አይደለም፤ የወንድሞቹንና የድሮ ባልደረቦቹንም ጭምር ነው።

በልጆቹ አትጀምር። ዕድሜውን መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው «ለምን ቤት አትገኝም ነበር?» ሲባል እንደ ክስ ይሰማዋል። ስለሚነዳው የጭነት መኪና፣ ስለ ኤንትሬ ስትጠይቀው ግን ዐዋቂው እሱ ነው። ረዳት ሆኖ ስንት ዓመት ቆየ? መጀመሪያ መሪ ያስያዘው ማን ነው? ባቲንና ሚሌን አልፎ አሰብ እስኪደርስ የት የት ያድር ነበር? በረሃ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ምን ይደረጋል? አበሉ ስንት ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ቤት የሚደርሰውስ ስንቱ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወደ እናንተ ቤት የምታስገባው ናት። እሷን ሲመልስ ስለ ጉሮሮና ስለ ኪራይ፣ ስለ እናትህም ማውራቱ አይቀርም፤ አንተም ሳትከሰው ገባህ ማለት ነው። ሁለተኛው መግቢያ የገዛ አባቱ ነው። አያትህ እሱን እንዴት እንዳሳደገው ጠይቀው፤ ብዙ ወንዶች ስለ ራሳቸው አባትነት የሚናገሩት ስለ አባታቸው ሲጠየቁ ነው።

«ለምን» የሚለውን ለመጨረሻዎቹ ቀናት አቆየው። «ለምን» ሰበብ ያመጣል። «ያን ዕለት ቤት ማን ማን ነበረ? በምን መጣህ? ምን ይዘህ ገባህ?» ስትለው ግን ትዝ ይለዋል። ፊት ለፊት አትቀመጥ፤ ምርመራ ይመስላል። ጎን ለጎን ሁኑ። ደሴ የሚያደርሰው ጉዳይ ሲያገኝ አብረህ ውጣ፤ የሐረጎን ዳገት ያለ ወሬ የሚወጣ የድሮ ሾፌር ጥቂት ነው። ከ45 ደቂቃ አትለፍ። ዝም ሲል ዝምታውን አትሙላለት፤ በልብህ እስከ አሥር ቁጠር፤ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ስለ ድምፁ፦ ስልኩን ከአፉ ሁለት ስንዝር ያህል አርቀህ በታጠፈ ፎጣ ላይ አኑረው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ የስኒው ኮሽታ ቃሉን ይውጠዋል። ጥሪ እንዳያቋርጣችሁ የበረራ ሁነታ ላይ አድርገው። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ጠዋት ቅዳ፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ከያዘ ምንም አይሰማም። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት 60 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብለህ ምንም አትሰርዝ። በዚያው ዕለት ፋይሉን በቀኑ ሰይመህ አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላ ቅጂ ከቤትህ ውጭ የሚኖር ሰው ዘንድ አስቀምጥ። የአንድ ሰዓት ንግግር ሲተየብ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ እያዳመጥክ ደቂቃውንና ርእሱን በአንድ በአንድ መስመር መዝግብ፤ የሚተየበውን ከዚያ ትመርጣለህ።

ዓመት ሲጠፋበት አታስጨንቀው፤ ሁሉም በሚያውቀው ነገር አስጠጋው። ከ66ቱ ለውጥ በፊት ነው በኋላ? ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ሲወረስ የት ነበር? በ77 ድርቅ ምን ይጭን ነበር? በ1983 ደርግ ሲወድቅስ? አሰብ በ1990 ሲዘጋ መኪናው የት ቆመ? የጾም ወራትም ይረዳሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ዙሩን በ33 ዓመት ገደማ ይጨርሳል። እሱ አሰብ በሚመላለስበት ዘመን በአብዛኛው ነሐሴ ላይ የዋለው ረመዳን የ1969፣ የ1970 እና የ1971 ነው። «ያን ጊዜ ጾሙ በዝናብ ነበር» ካለህ ዓመቱን አጠበብክ ማለት ነው። በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ወረቀት ካገኘህ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ቀንስ። ይህን ዘንግተው ልጅን ከእናቱ ሠርግ በፊት ያስወለዱ ረቂቆች አሉ።

«አባቴን እስኪሞቱ ድረስ ‹አንቱ› ነበር የምላቸው። አሁን ስጽፍ ‹እሳቸው› እያልኩ ይደርቅብኛል፤ ‹እሱ› ስል ደግሞ እጄ አይታዘዘኝም።» (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መጽሐፉ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ምርጫ ላይ ስለሆነ ቸኩለው አይለፉት። አንድ ትዕይንት ይምረጡ፤ ሁለት ገጹን በ«እሱ»፣ ያንኑ ሁለት ገጽ በ«እሳቸው» ይጻፉና ጮክ ብለው ለሰው ያንብቡት። እኛ ለእርስዎ የምንመርጠው «እሳቸው»ን ነው። በእናንተ ቤት በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ርቀት የታሪኩ አካል ነውና ግሡ ራሱ ርቀቱን ተሸክሞ ይሄድልዎታል። «መታኝ» እና «መቱኝ» በአንባቢ ጆሮ አንድ አይደሉም፤ በሁለተኛው ውስጥ ልጁ እየተመታም አክብሮቱን አልጣለም።

ድርቀቱ የሚመጣው ከአክብሮቱ ሳይሆን ከብዥታው ይመስለናል። «መጡ» ሲባል አባት ብቻቸውን ይሁኑ ከእንግዶች ጋር አይታወቅም። አያትም በትዕይንቱ ካሉበት ሁለቱም «ተነሡ»፣ ሁለቱም «ተቆጡ» ይሆንና አንባቢ ይጠፋዋል። መድኃኒቱ በየአንቀጹ መጀመሪያ ባለቤቱን በስም መጥራት ነው፤ «አባቴ»፣ «አያቴ»፣ ካስፈለገም ሰፈር የሚጠራቸው ስም። ሁለት አንቱዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ይክፈሉት።

በንዴት ገጾች ላይ አክብሮቱን ጥሎ በደግ ገጾች ላይ መመለስ ትልቅ ጥፋት ነው። አንባቢ የሚያየው አባትን መሆኑ ይቀርና የጸሐፊውን ኩርፊያ ይሆናል። መለወጥ ግድ ከሆነ በመላው መጽሐፍ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፣ ለምን እንደሆነም ከትዕይንቱ ይታወቅ። በንግግር ውስጥ ግን የተባለው እንደተባለ ይቀመጥ፤ ምርቃታቸውን፣ መሐላቸውን፣ የወሎ አነጋገራቸውን ወደ ዜና አማርኛ አይቀይሩ።

«አባቴ ከሞተ ቆየ። በ2014 ጦርነት ቤታችን ሲዘረፍ ወረቀቱም ፎቶውም ሄደ። የቀረኝ ሦስት ፎቶና አንድ ደብዳቤ ነው። በዚህ መጽሐፍ ይጻፋል?» (ከደሴ፣ ሆጤ)

ይጻፋል፤ ቤት ያልነበረውን ወረቀት መፈለግ ግን ያንተ ሥራ ነው። ደሞዝተኛ ከነበረ መሥሪያ ቤቱ የግል ማህደር ይኖረዋል። የቅጥር ደብዳቤ፣ ዕድገት፣ ዝውውር፣ አንዳንዴም የቅጣት ማስጠንቀቂያ እዚያ ይገኛል። ማህደሩንም የጡረታ መዝገቡንም ለማየት የወራሽነት ማስረጃና መታወቂያ ይዘህ ሂድ፤ ያለዚያ ደጅ ትጠናለህ። ተከሶ ወይም ከስሶ ከነበረ የፍርድ ቤት መዝገብ አለ። የቀበሌ ቤት ተከራይቶ ከነበረ ውሉ አለ።

ከሁሉ የምንመክርህ ግን የእድር መዝገብ ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። መቼ እንደገባ፣ ቤተሰቡን እነማን ብሎ እንዳስመዘገበ፣ በየትኞቹ ወራት መዋጮ እንዳቆመ ይናገራል። ያልተከፈለባቸው ስድስት ወራት ቤት ውስጥ ማንም ያልነገረህን ችግር ያሳዩህ ይሆናል። ያስመዘገባቸው ልጆች ዝርዝር ውስጥ የማታውቀው ስም ካየህ ደግሞ ደብተሩን ዘግተህ መጀመሪያ እናትህን አናግር።

በወሎ አንድ ሰው ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፤ በእስልምና የወጣለትና በክርስትና የተሰጠው፣ ወይም የቤትና የሥራ። መዝገብ ስታስፈልግ በሁሉም ስሙ አስፈልግ፤ የአባቱ ስምም በሁለት ዓይነት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ፎቶዎቹን ገልብጣቸው፤ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ ቀን፣ የእጅ ጽሑፍ ካለ እሱም ማስረጃ ነው። በከተማው የሆነን ነገር ቀን ለማረጋገጥ ከ1933 ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሄደህ ማገላበጥ ይቻላል።

ከዚያ ሰዎች። ወንድም ወይም እህቱን፣ የሥራ ጓደኛውን፣ የዕቁብ ጓደኛውን፣ ጎረቤቱን፣ አንድ ደግሞ የተጣላውን ሰው ፈልግ። የመጨረሻውን አትዝለል፤ ልጅ ከወዳጆች ብቻ የሚሰበስበው አባት የቀብር ዕለት የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሆኖ ይቀራል። አንድን ድርጊት ሁለት ሰዎች ለየብቻ ከነገሩህ እንደሆነ አድርገህ ጻፈው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ የነገረህን ሰው ጥቀስ። ማንም ያልነገረህን፣ አንተ ያሰብከውን «ሳይሆን አይቀርም» ብለህ ለይ። የማይሞላ ጉድለት ካለ፣ ለምሳሌ ሦስት ዓመት የት እንደነበረ ካልታወቀ፣ ከመሄዱ በፊት የታየበትን የመጨረሻ ቀንና ሲመለስ የለበሰውን ጻፍና መሐሉን ክፍት ተወው።

ደብዳቤውን ልታትመው ከሆነ ወረቀቱ እጅህ መግባቱ አይበቃም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፍ መብት ጸሐፊው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ የሚተላለፈውም ለወራሾች ነው። እህት ወንድሞችህ ወራሾች ከሆኑ ፈቃዳቸውን በፊርማ ያዝ።

«አባታችን ይገርፈን ነበር። ኋላም ሐይቅ ሌላ ሚስትና ልጆች እንዳሉት ደረስንበት። እሱ ሞቷል፤ እናቴ አለች። ታላቅ ወንድሜ ‹ሙት ወቃሽ አትሁን› ይለኛል። እኔ 56 ዓመቴ ነው፤ ሳልጽፈው መሞት አልፈልግም።» (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ይጻፉት። የወንድምዎ ፍርሃትም ከንቱ አይደለምና መልስ ይገባዋል፤ መልሱ ደግሞ የአጻጻፍዎ ጥንቃቄ ነው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ለራስዎ ብቻ ይጻፉ። ቁጣው ሁሉ ይውጣ፤ ማንም አያንብበው፤ አንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡና በዐይንዎ ያዩትን በአንዱ፣ ከሰው የሰሙትን በሌላው፣ የገመቱትን በሦስተኛው ያስምሩ። በቁጣ ረቂቅ ውስጥ ሦስተኛው ቀለም ከተጠበቀው በላይ ይበዛል። «ሆን ብሎ ሊያዋርደን»፣ «እናቴን ፈጽሞ አልወደዳትም»፣ ይህ ሁሉ ግምት ነው። መጣል የለበትም፤ የአሥር ዓመት ልጅ እንዲያ ያስብ እንደነበር ተደርጎ ይጻፍ። የ56 ዓመቱ ሰው የሚያውቀውና የአሥር ዓመቱ ልጅ ያውቅ የነበረው በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዳይደባለቁ።

የፍርድ ቃላትን አውጥተው በነገር ይተኩ። «አባቴ ጨካኝ ነበር» የሚለው ለአንባቢ ምንም አያሳይም። «ቀበቶውን ሲፈታ ዘለበቱን በመዳፉ ይሸፍነው ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ይሁን እንዳይጎዳን እስከ ዛሬ አላውቅም» ቢባል አንባቢ ሰውየውን ያያል። ግርፋቱን በየምዕራፉ አይደጋግሙ፤ አንዱን በሙሉ ይጻፉትና የቀሩትን በአንድ መስመር ይለፉ። ከግርፋቱ በኋላ በነበረው ግማሽ ሰዓት ላይ ቆም ይበሉ፤ ማን ራት አቀረበ? እሱ በላ? ማን አስቀድሞ ተናገረ? አባትና ልጅ የሚታዩት እዚያ ነው።

እርስዎ የሌሉበትን ሕይወቱንም ይፈልጉ። ልጅ አባቱን የሚያውቀው በሩን ከፍቶ ሲገባ ነው፤ ከበሩ ውጭ አለቃ፣ ዕዳ፣ እስር፣ ወዳጅ፣ ፍርሃት አለ። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ታስሮ እንደነበር ካረጋገጡ ይጻፉት። ሆኖም «በዚህ ምክንያት ገረፈን» ብለው ሁለቱን አያያይዙ፤ ጎን ለጎን ያኑሯቸውና ይተዉት። ያለፈበት መከራ አንባቢ ሰውየውን እንዲረዳው ያግዛል፤ የልጆቹን ጀርባ ግን አይሽርም። ያልተፈጸመ ዕርቅም አይፍጠሩ። በሞት አልጋ ላይ ይቅር ካልተባባላችሁ መጽሐፉ ውስጥም አትባባሉም።

እናትዎን በሚመለከት፣ እሳቸውን የሚነኩትን ገጾች ብቻ ለይተው ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ የተሳሳተው የቱ ነው? እንዲወጣ የሚፈልጉት የቱ ነው? የቀረስ አለ? በባልና ሚስት መካከል የነበረውን «አውጣ» ካሉ ይውጣ፤ እሱ የእሳቸው ነው። በእርስዎ ጀርባ ላይ የደረሰው የእርስዎ ነው። ወንድምዎ ነገሩን በሌላ መልክ የሚያስታውሱት ከሆነ ያን እዚያው ገጽ ላይ ያስፍሩ፤ «ወንድሜ ያን ቀን እንዲህ አያስታውሰውም፤ እሱ እንደሚለው...»። መጽሐፉን ታማኝ ያደርገዋል፤ ወንድምዎም ድምፅ ያገኛሉ።

ሕጉንም ይወቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 ስለ ስም ማጥፋት ሲደነግግ የሚያነሳው በሕይወት ያለን ሰው ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሐይቅ ላሉት ሴትና ልጆቻቸው ነው። ስም መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ «ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት የነበራት» ካሉ አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ስም፣ ሰፈርና መተዳደሪያ፣ ሦስቱንም ይለውጡ፤ መለወጥዎንም በመግቢያው ላይ ይናገሩ። የልጆቹን ቁጥርና ዕድሜ ታሪኩ ካልፈለገው ይተዉት። እነሱም ያንኑ አባት ያጡ ልጆች ናቸው፤ ቢቻል ከመታተሙ በፊት አንዱን ያነጋግሩ።

«ሦስት መቶ ገጽ ማስታወሻ አለኝ፤ መጽሐፍ ግን አልሆነም። ከየት ልጀምር?» (ከደሴ፣ ፒያሳ)

ከልደቱ አትጀምር፣ በቀብሩም አትጨርስ። አንድ ዘመን ቁረጥ። ለምሳሌ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ከገባህበት ዓመት ከቤት እስከወጣህበት ድረስ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ሲያስፈልግ ብቻ ይግባ። ማስታወሻህን ወደ 40 ትዕይንት ያህል አውርድና እያንዳንዱን በግማሽ ወረቀት ላይ ጻፈው፦ የት፣ መቼ፣ ማን ማን ነበረ፣ በመጨረሻ በእናንተ መካከል ምን ተለወጠ። ምንም ያልተለወጠባቸውን ወደ ጎን አድርግ። የቀሩትን ወለል ላይ ዘርግተህ ቅደም ተከተላቸውን ሞክር። መጀመሪያ የሚመጣው አንተም እሱም አንድ ነገር ፈልጋችሁ የማይገጥምበት ትዕይንት ይሁን፤ እሱ ሱቅ ሊያስቀምጥህ፣ አንተ አዲስ አበባ ልትሄድ።

ብዙ ረቂቆች በጦሳ ተራራና በንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ይከፈታሉ። አባትህ አይጠየፍ ደጃፍ ላይ ጉዳይ ካልነበረው ተወው። ከተማዋ በእሱ በኩል ትግባ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ከፍታቸው በ600 ሜትር ገደማ ይለያያል፤ ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ ወርዶ ማታ በክንዱ ይዞት የሚወጣ ሰው ሁለቱንም ከተሞች ያሳያል።

200 ገጽ የሚሆን መጽሐፍ 45,000 ቃል ገደማ ነው። በሳምንት አራት ቀን 500 ቃል ከጻፍክ በ23 ሳምንት ትጨርሳለህ። ትናንት የጻፍከውን እያረምክ አትጀምር፤ ሰው መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ የሚቀረው በዚህ ነው።

«ጽሑፉ አልቋል። ማተሚያ ቤት ከመግባቴ በፊት ምን ላድርግ?» (ከኮምቦልቻ)

20 ቅጂ ብቻ በፎቶ ኮፒ አስጠርዝና ለቤተሰብ ስጥ፤ ስድስት ሳምንት ጊዜ ስጣቸው፣ አስተያየቱንም በጽሑፍ ተቀበል። በአሮጌ የግእዝ ፎንት ከተየብከው ወደ ዩኒኮድ አስለውጠውና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዐይንህ አንብበው፤ በሚለወጥበት ጊዜ ፊደል ይጠፋል፣ ሥርዓተ ነጥብም ይበላሻል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን እንዴት እንደምትጽፍ አንድ ዝርዝር አውጣ፤ የአባትህ ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ታትሞ ሲወጣ ያሳዝናል። ማተሚያ ቤት ገጽን በ16 በ16 ስለሚያጥፍ 208 ወይም 224 ላይ እንዲያልቅ አስተካክል፤ 211 ከሆነ ለባዶ ገጽ ትከፍላለህ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ወመዘክር ነው፤ የሽፋኑ ሥራ ከማለቁ በፊት ጠይቅ።

ፎቶዎቹን በስልክ አታንሳ፤ በስካነር በ600 ዲፒአይ አስነሳ፤ ጀርባቸው ላይ ጽሑፍ ካለ እሱንም ጭምር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ እንዳይባዛ ይከለክላልና ከአባትህ አጠገብ የቆሙት ሰዎች በሕይወት ካሉ ሂድና ጠይቃቸው። ያልፈቀደ ካለ ፎቶውን ከእሱ በኩል ቁረጥ፤ ካልተቆረጠ ሌላ ፎቶ ምረጥ።